ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የዕቃን ስምስ ማን ያወጣዋል?

በአፍንጮ በር በኩል ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሩ የሚወርድ ሰው ራስ መኮንን ድልድይን ይሻገራል። እኔም ከተማሪነቴ ዘመን ጀምሮ በዚህ መንገድ ስመላለስ ኖሬአለሁ። ድልድዩ የማንን ስም እንደ ተሸከመ ቆም ብዬ ያሰብሁት ግን በቅርቡ ነው። ያሳሰበኝም አንድ ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ነው ብል አንባቢ አይሣቅብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ በታሪክ ትምህርት ተመርቆ ዛሬ በሰርግ ፎቶግራፍ የሚተዳደር ወጣት፣ ከድልድዩ ወዲህ ካለች አንዲት ቡና ቤት ቀጠረኝ። ማኪያቶው ሳይመጣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ነው። «መምህር፣ ያኔ የግዕዝ ድርሳን ያስነብቡን ነበር፤ እስቲ ይህን ደግሞ ይተርጉሙልኝ» አለኝ። ከውጭ ያስመጣው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ አንድ ሌንስ፣ አንድ ፍላሽ፣ ባትሪዎች ከነቻርጀራቸው፣ ጥቂት የሚሞሪ ካርዶች፣ አንድ ቦርሳና አንድ መቆሚያ። ሻጩ በላከው ደረሰኝ ላይ ሁሉም በአንድ መሥመር «የካሜራ ተጓዳኝ ዕቃዎች» ተብለው ሰፍረዋል። በዲክላራሲዮኑ ላይ ግን እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ቁጥር፣ የየራሱ ምጣኔ ተሰጥቶት ተበታትኗል። በመቆሚያው ቁጥር ላይ ክርክር ተነሥቶ ቀናት ተቆጠሩ፤ ቀናቱ ሲቆጠሩ የመጋዘን ኪራዩም አብሮ ተቆጠረ። በመጨረሻ የተጠየቀውን ከፍሎ ዕቃውን አወጣ። «ገንዘቡንስ ከሁለት ሰርግ አወጣዋለሁ» አለኝ፤ «የቆጨኝ ለምን ያ ቁጥር እንደ ተሰጠው የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው።»

ያን ወረቀት ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆምሁ። መንግሥት ከውጭ የመጣን ዕቃ ስም የሚያወጣው በምን ሥልጣን ነው? ይህ ሥልጣንስ በአገራችን እንዴት ተወለደ? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው።

የድልድዩ ባለ ስም

ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዐድዋ አርበኝነታቸውና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባት በመሆናቸው ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚፈለገው ግን ሌላው ማንነታቸው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ውጊያ በኋላ ሐረርን ሲይዙ አገረ ገዥነቱን የሰጡት ለእኒህ ሰው ነው። እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ መጋቢት 1898 ዓ.ም. ድረስም ሐረርጌ የእርሳቸው ግዛት ነበረች። ሐረር ደግሞ በዚያ ዘመን የባሕሩ በር ማለት ናት፤ ከዘይላና ከጅቡቲ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ጨርቁን፣ ጠመንጃውን፣ ብርጭቆውን በግመልና በበቅሎ ጭኖ የሚገባው በእርሷ በኩል ነው። ስለዚህ ድልድዩ ስሙን የወሰደው የአገሪቱን ዋና የገቢ ዕቃ በር ከጠበቁት ሰው ነው ማለት ይቻላል።

«ጉምሩክ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ወደ እኛ የገባው ከቱርክኛው «ጉምሩክ» ነው፤ ቱርኮች ከግሪክ፣ ግሪኮችም «ንግድ» ከሚለው የላቲን ቃል ወስደውታል። ቃሉ ራሱ ባሕር አቋርጦ የገባ የውጭ ዕቃ ነው፤ ቀረጥ ግን አልተከፈለበትም! «ቀረጥ» ግን የእኛው ነው። ቀረጠ ስንል ገቢ ዕቃ ላይ ግብር ጣለ ማለታችን ነው፤ ካሜራው ምስልና ድምፅ ሲይዝ ደግሞ ቀረጸ እንላለን። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። ይህ ጽሑፍም በእነዚያ በሁለቱ ፊደላት መካከል የሚመላለስ ነው።

ሐረርን አልፎ ሸዋ የደረሰው ነጋዴ ጉዞው የሚያበቃው አራዳ ነው። የአራዳ ገበያ የቆመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ስፍራ ነበር። የገበያው ዳኛ፣ የነጋዴው አለቃና የቀረጡ ሰብሳቢ «ነጋድራስ» ይባላል። በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ከሹማምንቱ ሁሉ ኃያላን ከሚባሉት አንዱ ነበሩ፤ ሚኒስትሮች በ1900 ዓ.ም. ሲሾሙም የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ንግድና የውጭ ጉዳይ በአንድ ሰው እጅ መዋሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ዘመን የውጭ ጉዳይ ማለት በአብዛኛው የጉምሩክ ጉዳይ ነበርና።

ሁሉ ዕቃ እኩል የነበረበት ዘመን

በጥር 1900 ዓ.ም. የፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮውስኪ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ። የታሪክ ተማሪዎች ይህን ውል የሚያስታውሱት የውጭ አገር ዜጎች በአገራችን ዳኛ እንዳይዳኙ ስላደረገው አንቀጽ ነው። ውሉ ግን ሌላም ሰንሰለት ነበረው፤ ከፈረንሳይ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዋጋው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ አሰረ። ለወይንና መሰል መጠጦችማ ከመቶ 8 ብቻ ፈቀደ። ሌሎቹም መንግሥታት «ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል» እያሉ የዚሁ ተካፋይ ሆኑ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የፎቶግራፍ ዕቃ ምን ዕጣ እንደ ነበረው እናስብ። ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በሰላም ብቻ አይደለም፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የፎቶግራፍ አንሺዎች ጓድ አስከትሎ ነበር። ካሜራ በከተማችን የሙያ ቤት ሠርቶ የተቀመጠው ግን በአራዳ ነው። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ መጥቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት መስታወቱም መድኃኒቱም ከድሬዳዋ ወዲህ በጋማ ከብት ጀርባ መምጣት ነበረበት።

ይህ ዕቃ ከቀራጩ ፊት ሲደርስ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ዋጋው ስንት ነው?» መስታወቱ ከሳሙናው፣ የካሜራው እግር ከጃንጥላው የሚለይበት ምክንያት የለም። ሁሉም ከመቶ 10 ነውና ስሙን ለማወቅ የሚጨነቅ አልነበረም። ነጋዴው ሊዋሽ ቢፈልግ የሚዋሸው በዋጋ ነው፤ ሹሙም ሊበድል ቢፈልግ የሚበድለው በግምት ነው። በስም መዋሸትም ሆነ በስም መበደል ገና አልተፈጠረም ነበር።

ይህ ቀላልነት ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን የነጻ መንግሥት ቀላልነት አልነበረም። መንግሥት «ይህ ለሕዝቤ ያስፈልገዋልና ይግባ፤ ያኛው ቅንጦት ነውና ይክፈል» ለማለት ሥልጣኑን በውል ተነጥቋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከዕረፍታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» መጽሐፋቸው የተጨነቁበት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ዕውቀትና መሣሪያ የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ልውውጡ እኩል እንደማይሆን ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ያገለገሉ ሰው ስለሆኑም የቀረጥን ነገር ከመጻሕፍት ብቻ ያወቁት አልነበሩም።

መንግሥት ራሱ ስም ሲያወጣ

ከውሉ ማምለጫው ምን ነበር? ስም ማውጣት ነበር! በመጋቢት 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አዲስ ሕግ አወጣ። ሕጉ ጉምሩኩን ከመቶ 10 አላሳለፈም። ከዚያ ይልቅ በአገር ውስጥ ለፍጆታ በሚውሉ ዕቃዎች ላይ እንደ ዕቃው ዓይነት የሚለያይ ሌላ ግብር ጣለ፤ ስሙንም የፍጆታና የኤክሳይዝ ግብር አለው። ውሉ የሚከለክለው የጉምሩክ ቀረጥን ነው፤ ይህ ደግሞ የጉምሩክ ቀረጥ አይባልም። ሌጋሲዮኖቹ ተቃውሞ አሰሙ፤ «ስሙ ቢለወጥ ነገሩ ያው ነው፤ ውሉ ተጥሷል» አሉ።

እኔ በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ እደሰታለሁ፤ የተቀማ ሉዓላዊነትን በሰዋስው የማስመለስ ጥበብ ነውና። ግን በዚያው ቀን ሁለት ነገር እንደ ተወለደ አንርሳ። አንደኛው፣ መንግሥት ዕቃን በዓይነቱ ለይቶ የማስከፈል ልማድ ነው፤ ከእንግዲህ ጥያቄው «ዋጋው ስንት ነው?» ብቻ መሆኑ ቀርቶ «ምንድን ነው?» የሚልም ተጨመረበት። ሁለተኛው፣ በአንዱ ቀረጥ ላይ ሌላ ግብር በሌላ ስም የመደረብ ልማድ ነው። ሁለቱም እስከ ዛሬ አብረውን አሉ። በባዕድ ላይ የተሳለው ስለት ውሎ አድሮ በገዛ ዜጋ ላይ እንዴት እንደ ዋለ ወደ በኋላ እናያለን።

ከጠላት ወረራ በኋላ አገሪቱ የቀረጥ ነጻነቷን ይዛ ተነሣች። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ጀመረ፤ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ የጉምሩክ ዐዋጅ ቁጥር 39 ወጣ። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ አዛውሮ አራዳን «ፒያሳ» ብሎ ስለ ነበር፣ የውጭ ዕቃ መደብሮች፣ ሰዓት ሠሪዎች፣ ወርቅ ቤቶችና ፎቶ ቤቶች ከድልድዩ ወዲያ ከፍ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ተደርድረው ቀሩ። ደርግ ሲመጣ ቀረጥ የርእዮተ ዓለም መሣሪያ ሆነ፤ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ የታሪፉ ጣሪያ ከመቶ 230 ደርሶ እንደ ነበር በብዙ የምጣኔ ሀብት ጥናት ይጠቀሳል። ከዚያ በተደረጉ ተከታታይ ማሻሻያዎች በ1995 ዓ.ም. ጣሪያው ወደ ከመቶ 35 ወረደ። ጣሪያው ሲወርድ ግን የዕቃው ስም ክብደት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ምክንያቱም ዓለም በዚህ መካከል ለዕቃ ሁሉ አዲስ የስም መዝገብ ጽፎ ነበር።

የዕቃዎች ክርስትና ስም

መዝገቡ «ሀርሞናይዝድ ሲስተም» ይባላል። ስምምነቱ ብራስልስ ላይ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በ1988 ነው። ዛሬ የሚጠብቀው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው። በዓለም ላይ የሚነገድ ዕቃ ሁሉ፣ ከሕያው በግ እስከ ሥዕል፣ በ21 ክፍሎችና እስከ 97 በሚቆጠሩ ምዕራፎች ተመድቧል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ምዕራፉን፣ አራቱ አንቀጹን፣ ስድስቱ ንኡስ አንቀጹን ይነግሩናል፤ ከስድስቱ በኋላ የሚጨመረው የየአገሩ ፈንታ ነው። አገራችን ባለ ስምንት አኃዝ የታሪፍ መጽሐፍ አላት።

እንግዲህ የተማሪዬን ካርቶን ከፍተን እንይ። ሌንሱ ለብቻው ከመጣ ምዕራፍ 90 ውስጥ፣ በቁጥር 9002.11 ይገባል። ፍላሹም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ቢሆንም ቁጥሩ 9006.61 ነው። የሊቲየም ባትሪው ከሌሎች ባትሪዎች ጋር 8507.60፤ ቻርጀሩ ከኤሌክትሪክ መለወጫዎች ጋር 8504.40፤ የሚሞሪ ካርዱ 8523.51 ነው። ቦርሳውስ? እዚህ ላይ መጽሐፉ ረቂቅ ነው። ከስድስቱ የመተርጎሚያ ደንቦች አምስተኛው በስም ጠርቶ የሚጀምረው የካሜራ ማኅደርን ነው፤ ለካሜራው ልክ ተሠርቶ ከካሜራው ጋር አብሮ ከመጣ እንደ ካሜራው ይቈጠራል፤ ለብቻው ከመጣ ግን 4202 ውስጥ ከሻንጣ፣ ከሴቶች የእጅ ቦርሳና ከገንዘብ ቦርሳ ጎን ይቀመጣል። አንዱ ቦርሳ ባለቤቱን ተከትሎ ሲመጣ መሣሪያ፣ ዘግይቶ ሲመጣ ጌጥ ይሆናል ማለት ነው።

የመቆሚያው ታሪክ ከሁሉ ይብሳል። እስከ እ.ኤ.አ. 2016 መጨረሻ ድረስ የራሱ አንቀጽ አልነበረውም፤ እንደሚሸከመው መሣሪያ ወይም እንደ ተሠራበት ቁስ፣ አንዴ ከካሜራ ተጓዳኞች፣ አንዴ ከአሉሚኒየም ዕቃዎች ጋር ይቈጠር ነበር። በ2017 የመዝገቡ ማሻሻያ 9620 የሚባል አዲስ አንቀጽ ተከፈተለት። የተከፈተለት ግን በምዕራፍ 96 ነው፤ ይህም መጥረጊያ፣ ቁልፍ፣ ማበጠሪያ፣ እስክሪብቶና ላይተር የሚገኙበት የልዩ ልዩ ዕቃዎች ምዕራፍ ነው። የቅርብ ጎረቤቱ 9619 የሕፃናት ዳይፐርና የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ለእጁ መንቀጥቀጥ መድኃኒት ያለው ዕቃ ከማበጠሪያ ጋር መዋሉን ሲሰማ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

የዚህ ሁሉ መበታተን ሥሩ አንዲት ቃል ናት። በፊልም ይሠራ የነበረው ካሜራ የሚገኘው 9006 ውስጥ ነው፤ አንቀጹም «ክፍሎችና ተጓዳኝ ዕቃዎች» ብሎ የካሜራውን ጓዝ ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቦ ነበር። ዲጂታሉ ካሜራ ግን የተመደበው ከቴሌቪዥን ካሜራ ጋር 8525 ውስጥ ነው፤ የዚያ ክፍሎች የሚገቡበት 8529 ደግሞ «ክፍሎች» ይላል እንጂ «ተጓዳኝ ዕቃዎች» አይልም። ካሜራው ከፊልም ወደ ዲጂታል ሲሻገር ጓዙ ቤት አልባ ሆነ። ስደተኛ ዕቃ በየዘመዱ ቤት ተበተነ።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። አውሮፓውያን ለዓመታት 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ቪዲዮ መቅረጽ የሚችልን ካሜራ እንደ ቪዲዮ መቅረጫ ቈጥረው ከመቶ 4.9 ቀረጥ ሲያስከፍሉ፣ ፎቶ ካሜራን በነጻ ያስገቡ ነበር። ፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ? ካሜራውን 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ እንዲቆም አድርገው ሠሩት። ቀራጩ ያወጣው ስም የዕቃውን ጠባይ ለወጠው። አዲስ አበባ ላይ ረዥም ንግግር ሲቀርጽ ካሜራው ድንገት የጠፋበት ሰው ያማረረው ኩባንያውን ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን ብራስልስ ነበር።

ፎቶ ወይስ ቪዲዮ?

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 307 ከሠንጠረዡ ውስጥ «የቴሌቪዥንና የቪዲዮ ካሜራ» ብሎ ከመቶ 40 ጥሎ ነበር። ኤክሳይዝ በቅንጦት፣ ጤናን በሚጎዳና ፍላጎቱ በማይቀንስ ዕቃ ላይ የሚጣል ታክስ ነው። ዐዋጁ ሲወጣ ፎቶ ካሜራ ፎቶ ያነሣል፣ ቪዲዮ ካሜራ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ቪዲዮ የሚቀርጹ የመጀመሪያዎቹ ሌንስ ተቀያሪ ፎቶ ካሜራዎች ገበያ ላይ ዋሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ የታሪፍ አንቀጽ አብረው ከሚኖሩት መካከል የትኛው «ቪዲዮ ካሜራ» እንደሚባል ዓይን ብቻ አይፈርድም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል፣ ወደብ ሲደርስ ዋጋው 100 ብር የሆነ ዕቃ አለ እንበል፤ የጉምሩክ ቀረጡም ከመቶ 20 ይሁን። ኤክሳይዝ ከሌለበት ቀረጡ ሲደመር 120፣ ከመቶ 15 ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 138፣ በ1999 ዓ.ም. የተደነገገው ከመቶ 10 ሱር ታክስ ሲጨመር 151 ብር ከ80 ይሆናል። «ቪዲዮ ነህ» ከተባለና ከመቶ 40 ኤክሳይዝ ከገባበትስ? 120ው 168 ይሆናል፤ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 193 ብር ከ20፤ ከሱር ታክስ ጋር 212 ብር ከ52። ልብ በሉ፤ ኤክሳይዙ 48 ብር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ታክስ በሌላው ጀርባ ላይ እየተፈናጠጠ ልዩነቱን ወደ 60 ብር ከ72 አደረሰው። የ1923ቱ የመደረብ ልማድ ይኸው ነው። ያ ዐዋጅ በ2012 ዓ.ም. በቁጥር 1186 ቢተካም የአሠራሩ አመክንዮ አልተለወጠም፤ ስሙ አንድ እርከን ሲንሸራተት ሒሳቡ ሦስት እርከን ይንሸራተታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፣ ምጣኔው ባይነካም መቶኛው የሚሰላበት ብር ራሱ አበጠ።

ሱር ታክሱ ሲደነገግ የተሰጠው ምክንያት በከተማ የኑሮ ውድነት የተጎዳውን ድኻ በእህል ለመደጎም ነው። መልካም ዓላማ ነው። ከካሜራ እግር ላይ ተቆርጦ ስንዴ ይገዛበታል ብንባል የምንቃወም አይደለንም። የምንጠይቀው የካሜራው እግር ቅንጦት ነው ወይስ የሥራ መሣሪያ የሚለውን ማን፣ በምን መለኪያ እንደሚወስን ነው። ለገበሬው ማረሻ፣ ለአናጺው መጋዝ እንደ ሆነ ሁሉ ለዚያ ወጣት መቆሚያው መሣሪያው ነው። አባቶቻችን ለክሎቡኮውስኪ ውል የሰጡት መልስ «ዕቃ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ለይተን እናውቃለን» የሚል ነበር። ለይቶ የማወቅ መብት ከተመለሰልን በኋላ ግን ለይቶ የማወቁን ሥራ አልሠራነውም።

የቀራጩም ወገን ይነገር

ለፍርድ ያመች ዘንድ የሌላውንም ወገን እንስማ። ቀራጩ የሚጠራጠረው ያለ ነገር አይደለም። ስሙ ዋጋ ካለው ስሙን የሚሰርቅ ይኖራል፤ ሙሉ ካሜራ ፈትቶ «መለዋወጫ» የሚል፣ አዲሱን «ያገለገለ» የሚል፣ ለንግድ ያመጣውን «ለግል መገልገያ» የሚል ነጋዴ አለ። አንድ መኰንን ጠዋት የሕክምና መሣሪያ፣ ከሰዓት የጎማ ቱቦ፣ ማታ የካሜራ ጓዝ እንዲያውቅ ይፈለጋል። መዝገቡም ከ5,000 በላይ ንኡስ አንቀጾች አሉት። ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው ቢገኝ መላእክት ይቀኑበት ነበር።

ሆኖም መድኃኒቱ በዚሁ ሐሳብ ውስጥ ይገኛል። የስም ውሳኔ እንዲህ ከባድ ከሆነ ውሳኔው ከነምክንያቱ ተጽፎ ለሕዝብ ሊታይ ይገባል። በብዙ አገሮች አስመጪው ዕቃውን ከመጫኑ በፊት «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ጠይቆ መሥሪያ ቤቱን የሚያስር መልስ ያገኛል፤ መልሱም ለሌላው አስመጪ እንዲነበብ በይፋ ይለጠፋል። ዛሬ ለተማሪዬ መቆሚያ የተሰጠው ቁጥር ነገ ለጎረቤቱ መቆሚያ የሚሰጠው ካልሆነ፣ ሁለቱ የሚተዳደሩት በሕግ ሳይሆን በዕድል ነው። ይግባኝ አለ ይባላል፤ እውነት ነው፣ በወረቀት አለ። ግን ዕቃው መጋዘን ውስጥ ኪራይ እየቈጠረ፣ የሰርጉ ቀን እየደረሰ የሚከራከር ማን ነው? ለድርጅት የሚያዋጣ ክርክር ለግለሰብ አያዋጣም። ስለዚህ ትንሹ ሰው ይከፍላል፤ ትልቁ ይከራከራል፤ ጮሌው ደግሞ ሰው ያበጃል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚኖረው ምክንያቱ ባልተጻፈ ውሳኔ ሥር ነው።

በነጋድራሶቹ ዘመን ነጋዴው ቢያንስ ምጣኔውን ያውቀው ነበር፤ ከመቶ 10። ሊከራከር ከፈለገም በአደባባይ ነበር። የዛሬው ሥርዓት ከዚያኛው እጅግ የረቀቀ፣ ለልማትም የተሻለ ዕድል የሚሰጥ ነው፤ ከግልጽነት ጋር ካልተጋባ ግን ረቂቅነቱ የሚጠቅመው ረቂቁን የሚያውቁትን ጥቂቶች ብቻ ነው።

ድልድዩ ላይ

ለምን ስለ ካሜራ እግር ይህን ያህል ትጨነቃለህ የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሴን ከድልድዩ ላይ ልስጥ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ከመፍረሳቸው በፊት በነበሩት ጥቂት ሳምንታት ካሜራ የተሸከሙ ወጣቶች በየጓሮው ሲዞሩ አይቻለሁ። በረንዳውን፣ የእንጨት ደረጃውን፣ የአርመንና የሕንድ እጅ ያረፈበትን መስኮት፣ በሩ ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱትን እናት ያነሡ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። ያ ተማሪዬም ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ መቆሚያውን ተክሎ ብርሃን ሲጠብቅ አግኝቼዋለሁ።

የምኒልክን አዲስ አበባ የምናውቃት የእነ ቦያጂያን መስታወት ከመቶ 10 ከፍሎ ስለ ገባ ጭምር ነው። መቶ ዓመት ቆይቶ የእኛን አዲስ አበባ ማየት የሚሻ የታሪክ ተማሪም የሚያያት ዛሬ በእነዚህ ልጆች እጅ ያለው ዕቃ በምን ስም፣ በምን ያህል ቀረጥ እንደ ገባ ተወስኖ ነው። ያልገባ ካሜራ ያልተነሣ ፎቶ ነው፤ ያልተነሣ ፎቶ ደግሞ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ይግባኝ የለውም።

ወረቀቱን ለተማሪዬ ስመልስለት የገባኝን ያህል ተረጐምሁለት፤ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ደንብ፣ ከደንቡ ጀርባ ያለውን ታሪክ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ታዲያ መምህር፣ ይህን እርስዎ ከሚነግሩኝ እዚያው መስኮቱ ላይ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዕቃን ስም ግን የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ለምን ብሎ ሲጠየቅ ሊመልስ ይገባዋል።

ቸር ይግጠመን።